ከሚሌ በላይ፣ ከአለውሃ በታች

ሐብሩ የት እንዳለ ለማያውቅ ሰው አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከሚሌ ወንዝ በስተሰሜን ነው። ከአለውሃ ወንዝ በስተደቡብ ነው። ከአፋር በስተምዕራብ ነው። ከጉባ ላፍቶ በስተምሥራቅ ነው። አንዱ ለብቻው ሲወሰድ ይህ ነው የሚባል ነገር አይናገርም፤ ከሚሌ በስተሰሜንማ አስመራም አለች፣ ካይሮም አለች፤ ከአለውሃ በስተደቡብም እስከ ኬፕታውን መሄድ ይቻላል። አራቱ በአንድ ጊዜ እውነት ይሁኑ ሲባል ግን ያ ሁሉ አገር ይወጣና አንድ የሰሜን ወሎ ወረዳ ብቻ ይቀራል። መርሳም፣ ጊራናም፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውርጌሳም እዚያው ውስጥ ናቸው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ የመስመራዊ ያለእኩልነቶችን ምዕራፍ ሲደርስ የሚማረው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። ዘዴው አጭር ነው። «ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» የሚለው ምልክት ለጊዜው በ«እኩል ነው» ይተካና መስመሩ ይሰመራል፤ መስመሩም ወረቀቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ መስመሩ ላይ ያልወደቀ አንድ ነጥብ ተመርጦ ይፈተናል። ያለእኩልነቱ ለእሱ እውነት ከሆነ ነጥቡ ያለበት ወገን በሙሉ ይጠቁራል፤ ካልሆነ ሌላው ወገን ይጠቁራል። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም መስመር እንደዚሁ ይደረጋል። ጥላዎቹ ሁሉ የተደራረቡበት ስፍራ መልሱ ነው።

የመሞከሪያ ነጥቡ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ወሰን የሌለው ግማሽ ወረቀት፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነጥቦች አሉ፤ ስለ ሁሉም የሚመሰክረው ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ውርጌሳ ላይ ቆሞ «ከአለውሃ ወዲህ ነኝ ወይስ ወዲያ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው፣ ወንዙን ሳይሻገር ሊደርስበት ስለሚችለው አገር ሁሉ አብሮ መለሰ። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መስመሩን ሳይረግጡ ማለፍ ስለማይቻል ነው። (ወንዝ ይጠማዘዛልና ሚሌንና አለውሃን መስመራዊ ማለት ትንሽ ውሸት አለበት፤ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።)

መስመሩ ራሱስ የማን ነው? «ከ4 አይበልጥም» ከተባለ 4 ተፈቅዷል፤ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይሰመራል። «ከ4 ያንሳል» ከተባለ 4 ክልክል ነው፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ይህን የረሳ ተማሪ አንድ ማርክ ያጣል። በሁለት ማሳ መካከል ሣር ያበቀለችው ድንበር የሁለቱም ናት ወይስ የማንኛቸውም አይደለችም የሚለው ግን ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጥያቄ ነው።

ሁለት እኩልታ አንድ ላይ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ነጥብ ነው። እዚህ ብቻ ቁም ይላል። ያለእኩልነት መልሱን ሲጠየቅ የሚያሳየው ስፍራ ነው፤ በዚህ ውስጥ እስካለህ የወደድህበት ቁም ይላል። በትምህርት ቤት እኩልታ ይቀድማል፣ ያለእኩልነት ይከተላል። ለእኔ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል፤ ሰው በኑሮው የሚያውቀው አብዛኛው ነገር ከዚህ አይነስ፣ ከዚያ አይብለጥ የሚል ነውና። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ማለት ይኸው ነው። ሃንስ ሁርኒ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ለግብርና ሚኒስቴር የልማት ሠራተኞች ባዘጋጀው የአፈር ጥበቃ መመሪያ ይህን የገበሬ አከፋፈል በሁለት ዘንግ ላይ አስቀምጦታል። በአንዱ ከፍታ፣ በሌላው የዓመት ዝናብ። ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ወይና ደጋ ነው፤ ከዚያ በታች ቆላ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3200 ደጋ። ዝናቡ ደግሞ በ900 እና በ1400 ሚሊ ሜትር ላይ ለሦስት ይቆረጣል። በየሣጥኑ ውስጥ የሚበቅለው እህል ተጽፏል። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥራም ከዚህ አይርቅም፤ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ማለት የዝናቡ ወራት ሲያጥሩ የሣጥኑን ጠርዝ ትንሽ ወደ ውጭ የሚገፋ ዘር ነው።

እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ። 4 ጥማድ መሬት አለው፣ አንድ ሄክታር ያህል። ሁለት በሬ አለው። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ለሥዕሉ እንዲመቹ የመረጥኳቸው። የጤፉና የማሽላው ጥማድ ተደምሮ ከ4 አይበልጥም፤ ይህ የመሬቱ መስመር ነው። ጤፍ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ ካልለሰለሰ አይሆንለትም፣ በጥማድ 4 የእርሻ ቀን ይውሰድ፤ ማሽላ 2 ይውሰድ፤ አፈሩ ለሞፈር የሚመችበት ጊዜ በጠቅላላው 12 ቀን ይሁን። ይህ የበሬው መስመር ነው። ለግብርም ለልብስም የሚሸጥ ቢያንስ 1 ጥማድ ጤፍ ያስፈልጋል። ለቤት እንጀራ፣ ለከብቱም አገዳ፣ ቢያንስ 1 ጥማድ ማሽላ ያስፈልጋል። አራቱ ሲሰመሩ አራት ጫፍ ያለው ስፍራ ይወጣል፦ ጤፍ 1 ማሽላ 1፤ ጤፍ 1 ማሽላ 3፤ ጤፍ 2 ማሽላ 2፤ ጤፍ 2 ተኩል ማሽላ 1።

ሒሳበኞች የሚያዩት ጫፎቹን ነው። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1938 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድ ውስጥ የኮምፔንሳቶ ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን ለየትኛው ሥራ እንዲመድቡ ሲጠይቁት፣ ጆርጅ ዳንዚግም በ1947 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠራ፣ ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የዳንዚግ ዘዴ እንደሚያሳየው ትርፉም ወጪውም በቀጥታ መስመር የሚሰላ ከሆነ የተሻለውን ለማግኘት መሐሉን መፈተሽ አያስፈልግም፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ መሄድ ይበቃል። በእኛ ቤተሰብ ጤፍ በጥማድ 3 ኩንታል፣ ማሽላ 5 ኩንታል ቢሰጥ፣ ጤፍም በማሽላ እጥፍ ቢሸጥ፣ የሚበልጠው ሁለት በሁለት የሆነው ጫፍ ነው። የጤፍ ዋጋ ወርዶ ከማሽላ ጋር ቢተካከል መልሱ በቀስታ አይንሸራተትም፤ ዘሎ ጤፍ 1 ማሽላ 3 ላይ ያርፋል።

ግን ጫፍ ምንድን ነው? ሁለት መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚጫኑበት ቦታ ነው። ሁለት በሁለት ላይ የቆመ ሰው መሬቱን ጨርሷል፣ የበሬውንም ቀን ጨርሷል። ዝናቡ አንድ ቀን ቢያሳጥርበት ከስፍራው ውጭ ነው። ከጫፉ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ የሚቆመውን ገበሬ «አዲስ ነገር አይደፍርም» የሚል ባለሙያ አይጠፋም፤ እኔ ግን ያ ገበሬ ወረቀቱን ከባለሙያው በተሻለ ያነበበ ይመስለኛል። መስመሮቹ ባሉበት እንደማይቆዩ ያውቃል። በሰሜን ወሎ በልግ ሲቀር ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ በሚያዝያ ሳይዘራ ይቀራል፣ ክረምቱ ሲገባም ሰው ወደ ጤፍ ይዞራል፤ የዓመቱ ግራፍ በዓመቱ መካከል እንደገና ይሰመራል ማለት ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ስላለው ረሀብ በጻፉት መጽሐፍ ያተኮሩት በተጋላጭነት ላይ ነው፤ ረሀቡ ሳይመጣ በፊት በነበረው ሁኔታ ላይ። በግራፍ ቋንቋ ተጋላጭነት የሚለካው ከመስመሩ ባለህ ርቀት ነው።

መስመር ሳይጻፍ ሲቀርም ሥዕሉ ይዋሻል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አንድን ሰው ዓመቱን ሙሉ በትንሹ ገንዘብ ለመቀለብ 77 ምግቦችንና 9 የንጥረ ነገር መስፈርቶችን ይዞ አስልቶ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ዋጋ 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም ደረሰ። ቀለቡ የስንዴ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ መሰል ቅጠልና ደረቅ ቦሎቄ ነበር። ጣዕም የሚባል መስመር አልነበረውም። የወሎ ሰው ቢያየው ረመዳኑም ሑዳዴውም የት ገባ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። አንዱ በሬ ይሙት። የቀረው በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ይጠመዳል፣ እንግዲህ ቀኑ እኩሌታ ነው፦ 12 የነበረው 6 ሆነ። መሬቱ ያው 4 ጥማድ ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። መስመሩን እንደገና ብናሰምር ሰፊው ስፍራ ተሸብሽቦ አንዲት ነጥብ ይቀራል፦ ጤፍ 1፣ ማሽላ 1። አራት የእርሻ ቀን ለጤፍ፣ ሁለት ለማሽላ፣ አበቃ። የቀረው 2 ጥማድ ለእኩል ይሰጣል ወይም ጦም ያድራል። ያለእኩልነት የነበረው ኑሮ እኩልታ ሆነ፤ ምርጫ የሚባል ነገር ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ደግሞ ሲጎድል ነጥቧም የለችም። ይህን የሚያሳይ ግራፍ ስሠራ ጥላዎቹ ሳይነካኩ ሲቀሩ አያለሁ፤ በወረቀት ላይ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ባዶ ቦታ ነው።

የበሬው መስመር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከውርጌሳ በስተደቡብ ባለችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተደረገው ውል ሲፈረም ክፉ ቀን የተባለው የረሀብ ዘመን ጀምሮ ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል። ድርቁም አንበጣውም ተከታተሉ፤ ሆኖም ዝናብ በጣለበትም ቦታ የሚያርስ በሬ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው በመቆፈር ለሰው ምሳሌ ለመሆን ሞክረዋል። በሥዕሉ ውስጥ ያ መቆፈሪያ የበሬውን መስመር ትቶ በሌላ በኩል ለማለፍ የተደረገ ሙከራ ነው።

የ1966 ዓ.ም. ረሀብ ሌላ መስመር አለው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሀብ ጥናቱ አንድ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቷል፤ ዋናው ጉዳዩም ወሎ ነው። በወሎ እህሉ ወድሟል፣ ይህን አይክድም። በአገር ደረጃ ግን የምግቡ መጠን ያን ያህል አልወረደም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ በጣም አልናረም። ሰው በሚሞትበት አገር እህል አለመወደዱ እንቆቅልሽ ይመስላል። የሴን መልስ ገበሬው ከማሳው የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ ስላጣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚያስወድድ ገንዘብ አልነበረውም የሚል ነው። በቆላው ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱ ሞተበት፣ የተረፈችውም ላም ቀድሞ የምታመጣውን እህል አላመጣችም፤ የልውውጡ መስመር ተዳፋትነቱ ተለወጠ። ሴን በዚያው መጽሐፍ ሐሳቡን በሥዕል ያሳያል፦ በአንዱ ዘንግ ምግብ፣ በሌላው ሌላ ንብረት፤ ለመኖር የግድ የሚያስፈልገው ትንሹ ምግብ፤ ከዚያም የዋጋ መስመር። ያለውን ሁሉ ሸጦ እንኳ ከዚያች ትንሽ መጠን የማይደርስ ሰው የሚገኝበት ጥግ ተለይቶ ተከልሏል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊያነበው የሚችል ግራፍ ነው።

በሴን ላይ የተነሡ ክርክሮች አሉ፤ የወሎ የምግብ እጥረት ራሱ ምን ያህል ነበር፣ ገበያውስ ከደሴ ውጭ እንዴት ነበር የሚሉ። ለእኔ የቀረልኝ ግን አንድ የሒሳብ ነገር ነው። ምልክታቸው ወደ አንድ ወገን የሆነ ሁለት እውነተኛ ያለእኩልነቶች ቢደመሩ ድምሩ እውነት ይሆናል። ወደ ኋላ ግን አይሠራም። ሁለት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 10 ኩንታል ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ 16 አለው፣ ሌላው 5። ሲደመር 21 ነው፣ ከ20 ይበልጣል፣ «በቂ እህል አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ባለ 5 ኩንታሉ ቤት በዚያ እውነት ውስጥ አይታይም። በአገር ደረጃ የሚደመር ሪፖርት ሁሉ ይህ ጠባይ አለው፤ ማንም ሳይዋሽ ሰው ከሥዕሉ ይወጣል።

ሴን ስለ መንገዱም ጽፏል። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ አስመራ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ረሀቡ የጸናበትን የወሎ ምሥራቃዊ ክፍል አቋርጦ ያልፍ ነበርና፣ ወሬው አስቀድሞ አዲስ አበባ የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ የተራበ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ባስቆማቸው መንገደኞች በኩል ነው። ውርጌሳ የምትገኘው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህልም ነበር፤ መግዣ ያለው ሰው የሚገኘው እዚያ ነውና። በነጋዴው ግራፍ ላይ ያ ትክክለኛው ጫፍ ነበር።