መንገደኛው የማን መያዣ ነው?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ደጋውን አቋርጦ ወልዲያ ይደርሳል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ሜዳው ዛሬ የሚታወቅበትን ሩዝም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ያስለመዱት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልተው የሚተኙበት፣ ለሌላ እህል የማይመቸው ውኃ ያዘለ መሬት ለሩዝ ሲሳይ ሆነ። ወረታ እንግዲህ ከሩቅ የመጣ ሰው ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል የምታውቅ ከተማ ናት።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሩቅ የሚሄደውስ መንገደኛ? እስቲ ለዚህ ጽሑፍ ያህል ከዚሁ ሜዳ አንዲት እናት በሐሳባችን እንውሰድ። ልጃቸው ጀርመን አገር ትኖራለች፤ ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚል ስልክ ተደወለላቸው እንበል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። እናቲቱ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ፣ በክርስትናውም ዕለት ሊገኙ ተመኙ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፓስፖርት፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ያለው የማመልከቻ ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ የሚያሳምን ማስረጃ ነው። አሻራ የሚሰጠው በአካል ነውና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባትም ግድ ነው።

እርሳቸው “እመለሳለሁ” ሲሉ የሚቆጥሩት ላሞቻቸውን፣ አገር ቤት ያሉትን የልጅ ልጆቻቸውን፣ የባላቸውን መቃብር፣ አጨዳ የሚጠብቀውን ሩዝ ነው። ኤምባሲው የሚቆጥረው ወረቀት ነው። ይህም ይሁን፤ ሰውየውን የማያውቅ ሰው ከወረቀቱ ሌላ ምን ያነብባል? በር ያለው ሁሉ ማን እንደሚገባበት የመጠየቅ መብት አለው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ አመልካቾች ላይ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ የዲፕሎማትና የአገልግሎት ፓስፖርት የያዙትም ከክፍያ ነፃ መደረጋቸው እንዲቀር ተወሰነ። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል፤ በአውሮፓ የመኖር ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ የኢትዮጵያ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። በዚሁ ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች በ2010 ዓ.ም. ተግባብተው ነበር።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። በ15 ቀን መልስ ቢገኝ እናቲቱ ለክርስትናው ይደርሳሉ። 45 ግን ከአርባ ይበልጣል። መልሱ ከዚያ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል ይባል ይሆናል፤ ይመጣል ብሎ ቲኬት የሚቆርጥ ግን የለም። “አስቀድመው ለምን አላመለከቱም?” የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ለወሊድ ወር ይቆጠራል። ልጅሽ ታመመች፣ ልጅሽ ሞተች የሚለው ስልክ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በአርባ አምስት ቀን ውስጥ የአርባው ተዝካር ወጥቶ ያልቃል።

ለመሆኑ እኒህ እናት ምን አጠፉ? ሐሰተኛ ወረቀት አላቀረቡም። ያለ ፈቃድ የትም አልኖሩም። የተጠየቁትን ሁሉ አሟልተዋል። ታዲያ የሚጠብቁት የማንን ቅጣት ነው?

ጥያቄው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር የዓፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ለቆንስል ካሜሮን ሰጡት። በደብዳቤው ከጠየቁት ነገር አንዱ፣ የሚልኳቸው መልእክተኞች በቱርኮች እጅ እንዳይወድቁ መንገዱ በሰላም እንዲከፈትላቸው ነበር። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው ንጉሡ የጠየቁት የይለፍ ወረቀት ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ ጠብቀው ጠብቀው በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩት።

ለንደን መልስ መስጠት እንደሚገባ የተረዳችው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱን ይዞ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በበኩሉ ምጽዋ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ደጅ ጠኚው አውሮፓ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ተፈቅዶለት ገባና በ1858 ዓ.ም. ከወረታ ብዙም በማይርቀው የጣና ዳርቻ፣ በቆራጣ ሰፈረ፤ እስረኞቹም ከመቅደላ ተፈትተው እዚያው ተቀላቀሉት። አገራቸው ሊገቡ ነው ሲባል ግን ንጉሡ ሐሳባቸውን ለወጡና ራሳምን ጨምረው ሁሉንም መልሰው ያዟቸው። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የናፒየር ጦር መጣ፣ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ይህን ታሪክ በልጅነታችን ስንሰማ ልባችን ከንጉሡ ጋር ነበር፤ ዛሬም ነው። የተናቀ ደብዳቤ ያማል። ነገር ግን ለደብዳቤው መልስ የነፈገው ካሜሮን አልነበረም፤ እርሱ አድርስ የተባለውን ተቀባይ ነበር። የንጉሡ እጅ ለንደን ስላልደረሰ የደረሰበትን ያዘ። አበው “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” የሚሉት ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔስ ከዚህ በምን ይለያል? የእግር ብረትና የሠላሳ ቀን ተጨማሪ ጥበቃ እኩል ናቸው አልልም፤ አይደሉም። ልዩነታቸው ግን የመጠን ነው። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ መንግሥቱ እምቢ ካለህ ወገኑን ያዝ።

እኛም ብንሆን ከዚህ ሐሳብ ንጹሕ አይደለንም። በገጠራችን ደም መላሽ ገዳዩን ሲያጣ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። ሰውየው ምን በደለህ ተብሎ ቢጠየቅ “ወገኑ ነው” ይላል፤ መልሱ ይህ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቻችን ድንጋይ ተሸክመው፣ መስቀል ይዘው መሐል የሚገቡት ይህ ቃል ሌላ ሬሳ እንዳይጨምር ነው። ዘመድ የደም ካሣውን ሊያዋጣ ይችላል፤ ወዶ ማዋጣት ግን ሌላ፣ በወንድም ዕዳ መታደን ሌላ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት፣ አባትም የልጁን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሯል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊቀርብብኝ ይችላል። አንደኛው “ቪዛ ችሮታ እንጂ መብት አይደለም፤ ችሮታ ዘገየ ብሎ ማን ይከሳል?” የሚል ነው። እርግጥ የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13፣ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣትን መብት ይሰጣሉ እንጂ የሌላውን አገር በር አይከፍቱም። ነገር ግን ችሮታም የራሱ ፍትሕ አለው። ደጁ ለቆመ ችግረኛ “የለኝም” ያለ ባለቤት አልበደለም። “ጎረቤትህ ስለሰደበኝ አንተ እዚያው ፀሐይ ላይ ቁም” ያለው ግን በድሏል። ወረፋ አስይዞ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ጉዳይህን እመረምራለሁ ያለ ሰው እያንዳንዱን በየራሱ ሊመዝን ይገባዋል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል። “መንግሥት የሚሰማው ሕዝቡ ሲነካ ነው። አውሮፓ ከቀረ በኋላ ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው መኖሩ ፈጠራ አይደለም፤ መንግሥቱ አልቀበልም ካለ ሌላ ምን ይደረግ?” ይላል። የአውሮፓውያን ችግር እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ነገሩን ግን ጠጋ ብለን እንየው። መያዣ ዋጋ የሚኖረው ባለዕዳው መያዣውን ሲወድ ነው። መንግሥት ለእናቲቱ ደንታ ከሌለው መጉላላታቸው ከንቱ ነው፤ አንዳች ነገር አይለወጥም። ደንታ ካለው ደግሞ የተፈለገው በእርሳቸው ጭንቀት እርሱን ማስጨነቅ ነው፤ ይህም ሰውን እንደ ዱላ መጠቀም ይሆናል። በሁለቱም መንገድ እናቲቱ እንደ ሰው አልታዩም። ስለዚያ መግባባት ማንም ምን ይመስልዎታል ብሎ አልጠየቃቸውም፤ ቢቃወሙም ቢደግፉም የሚሰማቸው አልነበረም። ከውሳኔው ውስጥ ለባለዕዳው የሚቀርበው የባለሥልጣናቱን የክፍያ ነፃነት ያስቀረው ክፍል ነው። ዱላው እዚያው ቢቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

የራሳችንን ድርሻም አንሸሽግ። ያው አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ዜጋን መልሶ መቀበል መንግሥት ከውጭ አገር ጋር የሚገበያይበት ዕቃ ሳይሆን ለዜጋው ያለበት ግዴታ ነው። ተመላሹ ማንነቱ ተጣርቶ፣ ክብሩ ተጠብቆ፣ የሚኖርበትን አግኝቶ መግባት አለበት። ይህን አለማድረግ በውጭ ያለውንም፣ በአገር ቤት ሰልፍ የያዘውንም መበደል ነው።

ለአመልካቹም አንድ ቃል አለኝ። “ባላጠፋሁት ከተቀጣሁ ብዋሽስ ምን አለበት?” የሚል ድምፅ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያልፋል፤ የተውሶ ገንዘብ በባንክ ደብተር የሚያሳየውም፣ ያልተጋባውን ተጋባሁ የሚለውም ይህን ድምፅ ሰምቶ ነው። ምሬቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሐሰተኛው ወረቀት ሲያዝ የሚከፍለው ያቀረበው ሰው ብቻ አይደለም። ከኋላው በሰልፍ ያለው፣ እውነተኛ ወረቀት የያዘው ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ይታያል። የምንከሰውን ግፍ እኛው በወንድማችን ላይ ፈጸምነው ማለት ነው።

የፎገራዋ እናት ከቆንስሉ መስኮት ፊት ሲቆሙ ሊጠየቁ የሚገባው ስለራሳቸው ነው፤ ማን እንደሆኑ፣ ወደ ማን እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ። መልሳቸው ካላሳመነ እምቢ ይባሉ። ሕፃኑ ያለ አያቱ ክርስትና ይነሣል፤ ያሳዝናል እንጂ ግፍ አይባልም። መልሳቸው አሳማኝ ሆኖ ሳለ መንግሥታቸው ባላደረገው ነገር ምክንያት አርባው ቀን ካለፈባቸው ግን፣ ያ ግፍ ነው።