የአራዊቱ ድርሻ

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ ስለ ምድር ዕረፍት የተሰጠ ሕግ አለ። ምድሪቱ ስድስት ዓመት ትታረሳለች፣ በ7ኛው ታርፋለች። በዚያ ዓመት ያበቀለችውን ድሀው ይበላል፤ ከድሀው የተረፈው የዱር አራዊት ነው። እንጀራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለመናፈሻና ለመንገድ ዳር ችግኝ ማፍላት ነው፤ ስለ ከተማ ዛፍ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ይህን ያህል የገባኝ ግን የለም። በሕጉ አራዊት ድርሻ አላቸው። በእኛ ንድፍ የላቸውም።

ለችግኝ ከሚመጡልኝ ንድፎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፦ የተነጠፈ ሳር፣ ዘንባባ፣ የተከረከመ አጥር፣ ሲነጋ ብቻ የሚጠፋ መብራት። ለዓይን ያምራል፤ የደከመው ሰው አረፍ ይልበታል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ግን ለወፍ የሚሆን ፍሬ የለበትም። የረገፈው ቅጠል በየማለዳው ተጠርጎ ስለሚጣል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ትል አይኖርበትም፤ ትል የሚለቅመውም ወፍ አይመጣም።

የሀገር በቀል ዛፍ ዘር የምለቅመው ከአንድ አሮጌ ደብር ግቢ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አስተዳዳሪውን፣ «አባ፣ ከወይራው ዘር ልውሰድ?» አልኳቸው።

«የወደቀውን ውሰጂ ልጄ። ከቅርንጫፉ ግን አንዲት እንዳትቀጥፊ፤ እሱ የወፎቹ ነው» አሉኝ።

ወፎቹ ፍሬውን ውጠው ሥጋውን ያስቀሩታል፤ ዘሩን ደግሞ ጽዱ ላይ ሲያርፉ ይጥሉታል። ጎንበስ ብዬ የጽዱን ርጋፊ ገለጥ ሳደርግ እርጥብ፣ ጥቁር አፈር አገኘሁ፤ ንጹሕ የወይራ ዘሮች ተበትነውበታል፣ ከመካከላቸው አንዱ ሁለት ቅጠል አውጥቷል። የሰው እጅ አልተከለውም።

በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ብዙዎች የሚያውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ የደን ሊቅ ናቸው። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶና ተግጦ ሲያልቅ ደኑ የቆመው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ሲታጠርለት ደግሞ ከሥር አዲስ ችግኝ ያቆጠቁጣል። ያን ደን ያቆየው እጅን መሰብሰብ ነው። ዛሬ ግን በየከተማው ግቢውን በሲሚንቶ የሚያለብሱ አድባራት እያየሁ አዝናለሁ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚውልበት መናፈሻ እንዲህ ያለ ክብር ከየት ይመጣል? ከሁሉም ይመጣል ብዬ አምናለሁ። በመካ ሐረም ዛፍ መቁረጥና አውሬ ማደን ክልክል ነው። ኦሮሞው ኦዳን ያከብራል። እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው እጁን መሰብሰብን ከቤቱ ያውቀዋል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። «የአራዊት ቦታ ነው» ተብሎ የሚታጠረው አጥር እነሱን ብቻ የሚከለክል ከሆነ፣ ከቅድስና ጋር ምንም አያገናኘውም። ሕጉ ድሀውን ያስቀድማል። መከልከል ካለብን ከጌጡ እንጀምር። «ሳሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በየመናፈሻው አለን፤ ሰው ያነበዋል፣ ያከብረዋልም። ማንም ለማይበላው ሳር የከለከልነውን ቦታ ለሚያፈራው ዛፍ ብንከለክለው ምን ይጎድልብናል?

ስለዚህ ንድፍ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች የምለው አንድ ነው፦ ከግቢው ከ7 እጅ 1ዱን ተዉልኝ። እዚያ ሾላ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ቀጋ እተክላለሁ። ቅጠሉ በወደቀበት ይበስብስ። አጋሙና ቀጋው ሲበስል የሰፈር ልጆች ገብተው ይልቀሙ፤ እጃቸው ያልደረሰበትን ወፍ ይበላዋል። ወፍ ጎንበስ ብላ የምትጠጣበት፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ውኃም ይኑር።

አንዳንዶቹ እሺ ይሉኛል። አንዳንዶቹ «ሰው ቆሻሻ ነው ይላል» ብለው ይፈራሉ። እስካሁን የምንከራከረው በመብራቱ ነው፤ ጨለማ ለሴቶች አደጋ ነው ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሲመሽ በጨለማ መንገድ ነው የምገባው። ቢሆንም መብራቱ ዝቅ ብሎ መንገዱን ብቻ ማብራት ይችላል፤ ዛፉ ላይ መተኮስ የለበትም። በሚቀጥለው ንድፍ ላይ ይህንኑ ይዤ እቀርባለሁ።