ያልተዘረጋች እጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሳይክል ላይ እንዳለሁ አየኝና መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። ሄልሜቴን፣ ጓንቴን፣ ከመቀመጫዬ ሥር ብልጭ ድርግም የምትለዋን ቀይ መብራት አየና፣ "አንተ ሰውዬ፣ በደህናህ ነው?" አለኝ። በደህናዬ መሆኑን ነገርኩት። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ትጥቅ ምንድነው? ልትዘምት ነው? ባሕር ዳር ሳለን በሸሚዝና በከረባት ትነዳ አልነበር እንዴ?"

እውነቱን ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር ማስተማር ስጀምር በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት አልጋ ሳይሆን ሳይክል ነው። ጥቁር ፎኒክስ፤ ክብደቷ የጥጃ ያህል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ነርሷም፣ ዳቦ አመላላሹም በሳይክል ነው። የደህንነት መሣሪያ የምንላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ደወል፣ ሁለተኛው የቀኝ እግር ካልሲ። የሱሪህን ጫፍ ካልሲህ ውስጥ ካልወተፍክ ካቴናው ይበላዋል። ማታ ማታ ጎማው ላይ እየታሸች መብራት የምትሰጥ ዲናሞ ነበረች፤ አንተ ስትቆም እሷም ትጨልማለች። ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነበር። ሽማግሌ መንገድ ላይ ከደረስክበት ደወሉን ከሩቁ አንዴ ነካ ታደርጋለህ እንጂ ጆሮው ሥር አታንጫርርም። ተማሪ መምህሩን ካገኘ ከሳይክሉ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው፤ አባቶቻችን ከበቅሎ እንደሚወርዱት።

ለባልደረባዬ የሄልሜትን ጥቅም ላስረዳው ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ተወዳዳሪዎችን ሄልሜት ላስገድድ ቢል፣ ብስክሌተኞቹ በፓሪስ ኒስ ውድድር ላይ አድመው ሐሳቡን አስጣሉት። በ2003 በዚያው ውድድር ላይ የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ወደቀና በማግስቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ግዴታ ሆነ። ባልደረባዬ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀና "እንግዲህ በርታ" ብሎኝ ወደ መኪናው ገባ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት ስለ ሄልሜት አልነበረም። ሄልሜት የራስህን ራስ ነው የሚጠብቀው። ብታደርገው ለአንተ፣ ባታደርገው በአንተ። የሌላ ሰው ራስ በአንተ እጅ ላይ ሲሆንስ? አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ፤ እሱን ነው ዛሬ የምጽፈው።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የሳይክል መስመሮች ሲሠሩ የድሮው ፍቅሬ ተቀሰቀሰብኝ። (የመስመሮቹ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። እግረኛው ይንሸራሸርበታል፣ ፎቶ አንሺው ደንበኞቹን ይደረድርበታል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) ሳይክል ገዛሁ። ቀጥሎም ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ስድስት ሰባት የሰፈር ወጣቶች ጋር እሁድ እሁድ ከመገናኛ ተነስተን፣ በአያት አድርገን፣ ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ መውጣት ጀመርን።

የሚነዳው በሰልፍ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጀርባ። ነፋሱን የሚሰብረው ፊት ያለው ነው። ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ግን በነፃ አይደለም፤ መንገዱን አያይም። የሚያየው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የፊተኛውን መቀመጫና የኋላ ጎማውን ብቻ ነው። ስለዚህ የእጅ ቋንቋ አለ። ጉድጓድ ሲኖር ፊተኛው እጁን ወደ ታች ዘርግቶ በጣቱ ያሳያል። ዳር የቆመ መኪና ካለ እጁን ከወገቡ ኋላ አድርጎ ወደ መሀል ያወዛውዛል። ሊቆም ሲል እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአራተኛው ያቀብላል። ፊት ሆኖ በድንገት ፍሬን መያዝ ነውር ነው። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ልጆቹ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠርኩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ አስገርሞኛል። ሁለት ሳይክሎች ሲነዱ የአንዱ የፊት ጎማ የሌላውን የኋላ ጎማ ቢነካ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። የፊተኛው የተነካችው የኋላ ጎማው ስለሆነች ሚዛኑን ይዞ ይቀጥላል። የኋለኛው ግን የተመታችበት መሪውን የሚያዞርባት ጎማ ናት። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን አስፋልቱ የሚቀበለው እሱን ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያለፈው ዓመት ኅዳር፣ አንድ እሁድ ከሰንዳፋ ስንመለስ ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ተራዬ ካለቀ ቆይቷል። ለሌላው ለቅቄ ወደ ኋላ መግባት ነበረብኝ፤ ግን "ጋሼ ዛሬ እሳት ሆነዋል!" የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁና እሳት መሆኔን ቀጠልኩ። ከኋላዬ የተለጠፈው የ23 ዓመት ልጅ ነው፤ ከሁሉም ትሑቱ። ቁልቁለት ላይ ነን፤ ፍጥነታችን በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ከፊቴ አየሁ። ብረቱን አንዱ ለቁራሌው ሸጦት ይሆናል። ሃያ ሜትር ያህል ይቀረኛል፤ በዚያ ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ነው። ዘወር አልኩና አለፍኩት። እጄን አልዘረጋሁም።

ከኋላዬ የሰማሁትን ድምፅ አልገልጸውም።

ሄልሜቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ትከሻውንና የደረት አጥንቱን የምታገናኘዋ አጥንት ተሰብራለች። አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? "ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?" ቀጥሎም፣ "አላዩትም አይደል?" አለኝ።

"አላየሁትም" አልኩት።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ጎማዎት ላይ ተለጥፌ ነበር" አለ።

ያን ዕለት ማታ ለራሴ ጥሩ ጠበቃ ቆምኩለት። በዚያ ፍጥነት አንድ እጅ ከመሪ መልቀቅ ለእኔ ዓይነቱ ጀማሪ አደጋ ነው፤ እኔ ብወድቅ ሁላችንም እንደራረብ ነበር። ጥሩ ክርክር ነው፤ ያስኬዳል። አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። "ጉድጓድ!" ብዬ መጮህ እችል ነበር። አፌ መሪ አልያዘም።

ለምን አልጮህኩም? መልሱን ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ስላገኘሁትም ደስ አላለኝም። ከአያት በፊት ጀምሮ እያለከለክኩ ነበር። እሳት የሆኑት ጋሼ ትንፋሻቸው አልቋል። ልጆቹ እንዳያውቁብኝ አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ ነበር የምተነፍሰው። ብጮህ ድምፄ እየተቆራረጠ ይወጣና ማለክለኬ ይታወቅብኛል። እንግዲህ የአንድ ልጅ አጥንት የተሰበረው ለዚህች ነው።

አንድ የሕግ ሰው ወዳጄን የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኩት። "ጉድጓዱን እሱ ቆፈረው? ገፈተረው? ታዲያ ምን አጠፋ?" አለኝ። ሕጉ በዚህ ይበቃው ይሆናል። እኔን ግን አልበቃኝም። መንገድ ዳር ቡና እየጠጣሁ አንድ የማላውቀው ሰው ወደ ጉድጓድ ሲነዳ አይቼ ዝም ብል ክፉ ነኝ፤ ቢያንስ ግን ያ ሰው ዓይኑን ለእኔ አልሰጠም። ይህ ልጅ ግን ሰጥቶኛል። ከኋላዬ ሲገባ በቃል የተዋዋልነው ነገር የለም፤ ሆኖም እሱ ማየት ያቆመው እኔ አይለታለሁ ብሎ ነው። ደግሞም እሱ መኖሩን አውቄ፣ በመኖሩም ተኩራርቼ ነው የነዳሁት። የፊት ቦታውን ክብር ወስጄ ሥራውን ተውኩት።

ቋንቋችን ለዝምታ ያደላል። ዝም አይነቅዝም እንላለን። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። ስንት ዓመት ሥነ ቃል ሳስተምር እነዚህን ተረቶች በሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ሁሉም የተነገሩት ከዝም ባዩ ወገን ሆኖ መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም። ከኋላ ያለውን ማንም አልጠየቀውም።

አገር አቋራጭ ሾፌሮቻችን ግን ይህን ነገር ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። መኪና ሲበላሽባቸው ቅርንጫፍ ዘንጥፈው ከኋላ ከሩቁ አስፋልቱ ላይ ይጥላሉ። ቅጠል ያየ ሾፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለማያውቁትና ገና ላልመጣ ሰው ነው የሚዘነጥፉት። (ጎማ ሥር ያስገቡትን ድንጋይ መንገድ ላይ ትተው የሚሄዱትም እነሱው መሆናቸውን አልክድም። ሰው እንዲህ ነው።) ከአደጋው በኋላ በሦስተኛው ቀን በዚያ ጉድጓድ በኩል በታክሲ ሳልፍ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሞበት አየሁ። የሰፈሩ ሰው ይሆናል ያቆመው። ከታክሲው መስኮት ፊቴን አዞርኩ።

አንዴ መቆጠር ከጀመረ ደግሞ አያቆምም። የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ የትም እንደማያደርሰው እያወቅኩ፣ መከራከሩ ሰልችቶኝ "ቀጥልበት" ያልኩት ተማሪ ትዝ አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ባከነ። እሱም ሲመረቅ አመስግኖኛል።

ልጁ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስድስት ሳምንት ቆየ። ሄልሜት አንዴ ከተመታ፣ ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ፣ ውስጡ ያለው ፎም ስለሚጨፈለቅ ሁለተኛ አያገለግልም። አዲስ ገዝቼ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። እናቱ ቡና አፈሉልኝ። "እንደ አባት ነው የሚያዩት" ብለው መረቁኝ። ቡናውን እስከ በረካ ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ?

አሁን ድኖ ተመልሷል። ፊት ስሆን ጠጠሩንም፣ ውሻውንም፣ የውኃ ፕላስቲኩንም እየጮህኩ ነው የምሄደው፤ ማለክለኬንም ሰምተውታል። ልጆቹ "ጋሼ ሬዲዮ ሆኑ" ይሉኛል። እሱ ግን ሁልጊዜ ከእኔ ኋላ ነው የሚገባው። "እርስዎ ፊት ካሉ አልሳቀቅም" አለኝ አንድ ቀን።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። አንዴ አላነሳም። በሁለተኛው አነሳና ስለ አየሩ፣ ስለ አዲሱ ጎማው አወራን፤ ዘጋሁት። ጋዜጣው የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እኛ የምንገናኘው እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መገናኛ።