ድፍድፉን ለእንግዳ አታቅርቢ

ልጄ፣ ከጅዳ ወደ ደሴ ስለተመለሰችው ልጅ የጻፍሽውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ ሌሊት መጨረስሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ በማግስቱ ለኅትመት ልላከው ማለትሽ ግን አስፈርቶኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ስሙም ለዘርፉ ቀረ። ልብ ወለደ ማለት ግን ልጁ አደገ ማለት አይደለም።

ጠላ የጠመቀች ሴት ይህን ታውቃለች። ጥንስስ አለ፣ ድፍድፍ አለ፣ ማጥለልም አለ። አንቺ የላክሽልኝ ድፍድፉን ነው። መጀመሪያ ስትጽፊ ድፈሪ፤ ግድፈት ሳትለቅሚ እስከ ጫፉ ውረጂው። ከዚያ ጋኑን ምረጊና ሁለት ሳምንት አትንኪው። ስትከፍቺው የሰው ጽሑፍ ይመስልሻል፤ የሰው ጉድፍ ደግሞ ቶሎ ይታያል።

ያን ጊዜ አጥልዪ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። የታሪክሽ ሥሩ እናትየዋ በሩን ከፍታ የገዛ ልጇን «ማንን ፈልገው ነው?» ያለችበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ገጾች፣ አውሮፕላኑም የኮምቦልቻው ጉምም፣ አንቺ በሩ ላይ እስክትደርሺ የሄድሽበት መንገድ ናቸው፤ አንባቢ በሩ ላይ ይጠብቅሽ። «እጅግ አዘነች» ያልሽውን ሰርዢ፤ ሻንጣዋን ከእጇ ሳታወርድ አቁሚያት። የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ስደት ይሰብካል። ልጇን አንቱ ያለች እናት እያለች ስብከት ምን ይሠራል? እናትየዋ እንደ እንግዳ ወንበር ስትጠርግላት ታሪኩ አልቋል።

በወጣትነቴ የእኔንም አምስት ገጽ አንድ አርታኢ አንብቦ ሦስተኛው ላይ በቀይ «እዚህ ይጀምራል» ብሎ ጻፈበት። ዓመት ሙሉ አኮረፍኩት። ዛሬ ግን የጻፍኩትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ እሷ ቡና እየቆላች ትሰማኛለች። አስተያየት አልጠይቃትም። ዓይኗን ወደ ምጣዱ የመለሰችበት መስመር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እዚያ ጋ ጽሑፌ ከቡናው አንሷል ማለት ነው።

የቆረጥሽውን አትጣዪው። አተላም ከብት ያደልባል፤ ጉሙን ደብተርሽ ላይ አኑሪው፣ የራሱ ታሪክ ይመጣለታል። እስከዚያው ጋኑን ምረጊ። ለመስቀል ስትመጪ አብረን እናጠልለዋለን።