መንገድ ጠቋሚው መጽሐፍ

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ጁሊያን ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው «ዘ ሞደርን አንቲኳሪያን» የተሰኘ ዳጎስ ያለ የጉዞ መምሪያ በብሪታንያ የሚገኙ ከ300 በላይ ጥንታዊ ሥፍራዎችን ዘርዝሯል። መጽሐፉ የሥነ ቁፋሮ ትምህርት ያልቀመሱ አንባብያንን ሳይቀር ካርታ አስይዞ፣ ጭቃ አስረግጦ፣ በየግጦሹ መካከል በክብ የቆሙ ትክል ድንጋዮችን አስፈልጓል። ከእነዚህ መካከል ዝርዝሩን ለመጨረስ ብቻ የሚሮጥ አይጠፋም፤ የእርሱ ነገር ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ ፍቅርን የዘራ መጽሐፍ ያ ፍቅር ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃልን? የሚለው ነው።

በስቶንሄንጅ የጎብኚው እግር ምድሩን ስለጎዳው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ በድንጋዮቹ መካከል መመላለስ ተከልክሏል። ታዲያ ዝምታ ይሻል ነበር? የኤቭበሪ ታሪክ እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ ዊልያም ስቱክሊ እንደመዘገበው፣ የመንደሩ ሰዎች ታላላቆቹን ድንጋዮች በእሳት አግለው፣ ውኃ አፍስሰው፣ ለቤት መሥሪያ ይሰባብሯቸው ነበር። እነዚያን ሰዎች ወደ ሥፍራው የመራ መጽሐፍ አልነበረም፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ የነገራቸውም እንዲሁ። እንግዲህ መምሪያው የሚጠየቀው መንገዱን ስለ ማሳየቱ ሳይሆን፣ ከመንገዱ ጋር ምን እንዳስተማረ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ አብዛኞቹም ሰይፍና ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ቁጥሩንና ቅርጹን ነግሮ ሥፍራው የመቃብር ቦታ መሆኑን የሚዘነጋ መምሪያ ግን ጎብኚውን ሳያውቀው በሰው መቃብር ላይ ያራምደዋል።