ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለው ካቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፣ በአቃቂና በዱከም መካከል የምትገኘው ከተማችን ገላን፣ ፋብሪካና የጭነት መኪና የማይታጣባት ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎችም ከተሞች ጋር የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። ከመካከላችንም እንጀራውን በመኪና ሥራ የሚበላ ብዙ ነው። ጌታችን ገበሬውን በዘር፣ ዓሣ አጥማጁን በመረብ እንዳስተማረ፣ እኛም ዛሬ በዓይናችን ከምናየው ነገር፣ ይኸውም ከአሮጌ ላዳ ሞተር እንማር።

ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶልያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ መኪና ነው። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ፣ በአዲስ አበባ ታክሲነት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ዓይነቱ ላዳ መመረት ከቆመ ወዲህ ያለው መኪና የሚኖረው በጥገና ብቻ ነው።

በሞተሩ ፊት፣ ከብረት ሽፋን በስተጀርባ፣ አንድ ካቴና አለ። ከታች ያለው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ከላይ ያለው ካምሻፍት አንድ ጊዜ እንዲዞር የሚያደርገው እርሱ ነው። ቫልቮቹ በየሰዓታቸው የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚህ ካቴና ነው። የዘይቱ ፓምፕ የሚንቀሳቀሰውና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚከፋፈለውም በእርሱ ኃይል ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ይወለውላል፣ መስተዋቱን ያጥባል፤ ካቴናውን ግን አያየውም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 12 ደካማ የሚመስለው ብልት ይልቁን አስፈላጊ መሆኑን ያስተምራል። የክርስቲያንም የተሰወረ ብልቱ ጸሎቱ ነው። አባቶቻችን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት፣ የከፈሉት ሕይወታችን ሰዓቱን እንዳይስት ነው።

ካቴናው እንዴት ያረጃል? ብዙዎች ብረቱ ተለጠጠ ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚበላው በየመጋጠሚያው ያለው ትንሽ ካስማ ነው። የላዳ 1200 ሞተር ካቴና 114 መጋጠሚያ አለው። እያንዳንዱ የቀጭን ወረቀት ግማሽ ያህል፣ 0.05 ሚሊሜትር ቢበላ፣ ድምሩ ከግማሽ ሳንቲሜትር ያልፋል። አንዱን መጋጠሚያ ለብቻው ብናየው ምንም እንከን አናገኝበትም። የእኛም ውድቀት እንዲሁ ነው። አንድ ቀን የቀረ ጸሎት፣ አንድ ትንሽ ውሸት፣ ፀሐይ የገባችበት አንድ ቂም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው። ሲደመር ግን ሰው ከሰዓቱ ይወጣል።

ካቴናውን የሚወጥር መሣሪያ አለ። እርጅናው እንዳይታይ ለጊዜው ይሸፍናል። አቅሙ ሲያልቅ ግን፣ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ፣ ከፊት በኩል የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ጠላት አይደለም፤ ምሕረት ነው። ባለመኪናው ግን «ይሄዳል እኮ!» ይላል። አዎን፣ ይሄዳል። ካቴናው ጥርስ የዘለለ ወይም የተበጠሰ ዕለት ግን፣ ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ ክፍት ሆኖ የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል፤ ቫልቩም ይጣመማል። በአንድ ካቴና ዋጋ ይድን የነበረው ሞተር ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የኅሊና ወቀሳም እንደዚያ ድምፅ ነው። ወጣት ሆይ፣ ትምህርትህ ስለቀና፣ ደመወዝህ ስለተከፈለህ፣ ሰውም ስላመሰገነህ «ይሄዳል እኮ» አትበል። ድምፁ እየተሰማ ሳለ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።

እንግዲህ ጥገናውን እንመልከት። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ካቴና ከማውጣቱ በፊት ሁለት ምልክቶችን ያገጣጥማል። ከታች ያለው ምልክት በሽፋኑ ላይ ካለው ረጅም ጭረት ጋር፣ ከላይ የካምሻፍቱ ምልክት ከመያዣው ምልክት ጋር ትክክል መሆን አለበት። አንዱ ገጥሞ ሌላው ቢስት ሥራው ከንቱ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ሕግና ነቢያት ሁሉ በሁለት ትእዛዛት እንደ ተንጠለጠሉ አስተምሯል፤ እነርሱም እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ ናቸው። በማኅሌት ቆሞ እናቱን የሚያስርብ ሰው፣ ከላይ ምልክቱን ይዞ ከታች የሳተ ነው።

ሁለተኛ፣ ካቴናው ለሞተሩ የሚስማማ መሆን ይገባዋል። የላዳ 1500 ሞተር ቁመቱ ስለሚበልጥ ካቴናው 116 መጋጠሚያ አለው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይተካኩም። ስለዚህ የጓደኛህን ቀኖና ለራስህ አትውሰድ። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራና ቀን የሚማር ወጣት አቅማቸው አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ልክ የንስሐ አባቱ ይሰጡታል። በፋብሪካ በር ላይ ተራህን ስትጠብቅ በልብህ የምታደርሰውን አቡነ ዘበሰማያት እግዚአብሔር አይንቀውም።

ሦስተኛ፣ ጥርሶቹ ተበልተው ከሆነ አዲስ ካቴና ብቻ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተበላው ጥርስ አዲሱን ያበላሸዋል። አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ እንደማይቀመጥ ማለት ነው። የሚያሰክርህን ጓደኛና የምትውልበትን ስፍራ ሳትለውጥ ንስሐ ገባሁ ብትል፣ ልማድህ ንስሐህን ይበላዋል።

አራተኛ፣ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ ቁልፉን ወዲያው አይጠመዝዝም። ክራንክሻፍቱን በእጁ፣ በቀስታ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውንም ያያል። ከንስሐ በኋላም መሮጥ ሳይሆን ራስን በቀስታ መመርመር ይቀድማል።

በጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞች ሆይ፣ ለእናንተ ልዩ ቃል አለን። አሮጌ ካቴና በናፍጣ አጥቦ «አዲስ ነው» ብሎ መግጠም ሽፋኑ ሲዘጋ ሰው አያየውም። እግዚአብሔር ግን ያየዋል። በዚያ መኪና እናት ሕፃንዋን ይዛ በጨለማ ትጓዛለች፤ ሞተሩ በመንገድ መካከል ቀጥ ቢል ከኋላ ከባድ መኪና ይመጣባታል። ሙያችሁን ማክበር ባልንጀራን መውደድ ነው፤ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ ማታ የመኪና ድምፅ ጸጥ ሲል የራሳችንን ሞተር እናድምጥ። የሚንቋቋ ነገር ካለ ሽፋኑን ለመክፈት አንፈር። የሚያድሰን አምላክ ከአሮጌነታችን ይልቅ ኃያል ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።