ቤት ለሚከራይ ሰው

ወንድሜ ሆይ፤ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስትገባ አስቀድመህ የምትጠይቀው የቤቱን ኪራይ ነው። ደመወዝህ ትንሽ ነውና መጠየቅህ ደግ ነው። ነገር ግን ሎጥን አስብ። በዘፍጥረት 13ኛ ምዕራፍ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ አየ፤ ስለ ሰዎቹ ጠየቀ ግን አይልም። ድንኳኑን እስከ ሰዶም አቅራቢያ ተከለ፤ በ19ኛው ምዕራፍ በከተማይቱ በር ተቀምጦ እናገኘዋለን።

እኔም በጉብዝናዬ ወራት ርካሽ ነው ብዬ ከጠጅ ቤት አጠገብ ተከራየሁ። በመጀመሪያው ወር ጩኸቱ እንቅልፍ ነሣኝ፤ በሦስተኛው ወር ግን ደኅና አድርጌ ተኛሁ። ከጩኸቱ ይልቅ ይህ አስፈራኝ፤ ለቅቄም ወጣሁ።

እንግዲህ ቀብድ ሳትሰጥ ሰፈሩን በምሽት ደግሞ እየው። አያት አድረህ መርካቶ የምትውል ከሆነ መንገዱ የጸሎትህን ሰዓት ይበላዋል። ብትታመም በርህን የሚያንኳኳ ሰው መኖሩን ደላላው አይነግርህም፤ የእድሩን ዳኛ ጠይቅ።